ሳይለዩ መርዝ አይረጭም
በኩሬ፣ በመዋኛ ገንዳና በውሃ ማጠራቀሚያ ስለሚገኙ ነፍሳት የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ስለ ውሃ ነፍሳት ወሬ በተነሳ ቁጥር ከሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ይነክሳል ወይ?» የሚል ነው። አይፈረድም። ልጁ ጣቱን ይዞ እያለቀሰ ከመዋኛ ገንዳ የወጣበት አባት ሌላ ምን ይጠይቅ? ነገር ግን ይህ ጥያቄ ፍርዳችንን ያዛባዋል። ውሃ ውስጥ ከሚነክሱን ነፍሳት አብዛኞቹ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ሰው የምትጨርሰው ግን ውሃ ውስጥ በምትኖርበት ዕድሜዋ ማንንም ነክሳ አታውቅም፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰች፣ ውሃው ላይ ጋደም ብላ የምትውል፣ ማንም ልብ ሳይላት አድጋ የምትበርር ናት።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሩልኝ ልላችሁ ነው የመጣሁት። በኩሬ፣ በገንዳ፣ በበርሜል ወይም በሮቶ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ስታዩ መጀመሪያ «አየር ከየት ያገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። የዚህ መልስ የፍጥረቱን ማንነት በግማሽ ይገልጥላችኋል፤ ምን እንደሚያጠፋውና ምን እንደማይነካውም ያሳያችኋል። በነገራችን ላይ ዓመታትን ስጠቅስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በቅድሚያ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር ላንሳ። ትናንት ታጥቦ፣ ክሎሪን ገብቶበት የተሞላ የሆቴል መዋኛ ዛሬ ጠዋት ጥቋቁር ነገሮች ሲርመሰመሱበት ይገኛል። ሠራተኛው ይወቀሳል፣ የቧንቧው ውሃ ይታማል። ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም። ነፍሳቱ በርረው ነው የመጡት። አብዛኞቹ የውሃ ጢንዚዛዎችና የትኋን ዘመድ የሆኑት የውሃ ነፍሳት ሙሉ ክንፍ አላቸው፤ የነበሩበት ኩሬ ሲደርቅ ወይም ሲጠብባቸው፣ ብዙውን ጊዜ ሲመሻሽ፣ ተነስተው ሌላ ውሃ ፍለጋ ይሄዳሉ። ውሃውን የሚያውቁት በብርሃኑ ነው። ከውሃ ገጽ ተንጸባርቆ የሚመጣ ብርሃን ንዝረቱ ወደ አግድም ያደላ ነው። የእኛ ዓይን ይህን አይለይም፤ የእነሱ ይለያል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሽቪንድ ይህን በ1980ዎቹ በሙከራ አሳይቷል። ኋላም የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ጥቁር አስፋልት፣ የተወለወለ መኪናና መስታወት እንዲሁ ዓይነት ብርሃን እየመለሱ ነፍሳቱን እንደሚያታልሏቸው አረጋገጡ። ረጅም ወገብና አራት ክንፍ ያላት የውሃ ተርብ በቆመ መኪና ኮፈን ላይ እየተመላለሰች ጅራቷን ስታስነካ አይታችሁ ከሆነ፣ ውሃ ያገኘች መስሏት እንቁላሏን እየጣለች ነው። ያሳዝናል፤ እንቁላሉ እዚያው ይደርቃል።

ወደ ገንዳው እንመለስ። ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጭልፋ ወይም የሻይ ማጥለያ፣ ነጭ ሳህን፣ ከተገኘም ማጉያ መነጽር ይበቃል። ከውሃው ጨልፋችሁ ሳህኑ ላይ አድርጉና ሁለት ደቂቃ ያህል ሳትነኩት ተመልከቱ። ችኮላ አያስፈልግም፤ የደነገጠ ነፍሳ እስኪረጋጋ አመሉን አያሳይም።

በገንዳ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው፤ ሰውም የሚያምታታቸው እነሱን ነው። ሁለቱም ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናሉ፣ ሁለቱም በረጃጅም የኋላ እግሮቻቸው ይቀዝፋሉ። በአማርኛ የታወቀ መጠሪያ ስለሌላቸው በአመላቸው ልጥራቸው፤ አንዱን «ጀርባ ዋኝ»፣ ሌላውን «ቀዛፊ» እንበላቸው።

ጀርባ ዋኙ ስሙ እንደሚለው ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ነው የሚዋኘው። ከታች ሆነው ሲያዩት ጀርባው ነጣ ያለ ነው፤ ከላይ የሚታየው ሆዱ ግን ጠቆር ይላል። በዚህ ዘዴ ከላይ የምትመጣ ወፍም ሆነች ከታች የሚመጣ ዓሣ በቀላሉ አይለየውም። ዕረፍት ሲያደርግ የሆዱን ጫፍ ከውሃው ገጽ አስነክቶ፣ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይቆያል። ያን ጊዜ አየር እየቀዳ ነው። በሆዱ ላይ ባሉት ጸጉሮች መካከል አየሩን ይዞ ሲሰምጥ፣ ያ አየር ብር መስሎ ሲያብለጨልጭ ታዩታላችሁ። ከራሱ ሥር የታጠፈች ሹል መውጊያ አለችው። ልጁን የነካው እሱ ነው። ሕመሙ ከንብ ንድፊያ አይተናነስም፤ ቢሆንም በሽታ አያስተላልፍም። በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ይበቃል፤ እብጠቱ ከበረታ ግን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ቀዛፊው ሆዱን ወደ ታች አድርጎ እንደ ደንቡ ይዋኛል። ጀርባው ጠፍጠፍ ያለ፣ ቀጫጭን ጥቋቁር መስመሮች በአግድም የተሰመሩበት ነው። የፊት እግሮቹ አጫጭር ናቸው፤ በእነሱ ከሥር የተቀመጠውን አልጌና ዝቃጭ እየዛቀ ይበላል። አፉ ደነዝ ስለሆነ ሰው መውጋት አይችልም። ሜክሲኮዎች ከጥንት ጀምሮ የዚህን ነፍሳ እንቁላል ከሐይቅ እየሰበሰቡ ይበሉታል፤ ከእኛ ጾም ጋር መስማማቱን ግን እንጃ።

አሁን ሁለቱን አያይዙልኝ። አልጌ ካለ ቀዛፊው ምግብ አገኘሁ ብሎ ይሰፍራል፤ ቀዛፊው ካለ ጀርባ ዋኙ እሱን ሊበላ ይከተላል። ስለዚህ ልጆችን የሚነክስ ነገር ገንዳው ውስጥ ከበዛ መነሻው የግድግዳው አልጌ ነው። ብዙ ሰው ታዲያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ክሎሪን ላይ ክሎሪን መጨመር። ነፍሳቱ ግን የሚተነፍሱት ከላይ የቀዱትን አየር ነው፤ ክሎሪን ውሃውን እንጂ አየሩን አያክምም። ክሎሪኑን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤቹን ከ7.2 እስከ 7.8 አድርጎ መያዝ አልጌውን ይከላከላል፤ የክሎሪን ጥቅሙ በዚህ በኩል ነው። ከዚያ ውጪ ግድግዳውን በብሩሽ ማሸት፣ ያሉትን በመረብ መልቀም፣ ማታ የገንዳውን መብራት ማጥፋት ያስፈልጋል። ሰው በሚዋኝበት ውሃ ውስጥ የቤት ፍሊት የሚረጭ ሰው እንዳለም ይነገራል። ይህ ጭካኔ ነው፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የኩሬው ጀርባ ዋኝ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሥራው የወባና የሌሎች ትንኞችን እጭ እያደነ መብላት ነው። በእስራኤል የሃይፋ ዩኒቨርሲቲው ሊዮን ብላውስታይንና ባልደረቦቹ በ2004 እንዳሳዩት፣ እንቁላሏን ልትጥል የመጣች አንዲት የትንኝ ዝርያ ጀርባ ዋኝ የነበረበትን ውሃ በጠረኑ ለይታ ትታው ትሄዳለች። አዳኙ ከውሃው ከወጣ በኋላ እንኳ ጠረኑ ለቀናት ይቆያል። እንግዲህ ይህ ነፍሳ ውሃው ውስጥ ያለችውንም ይበላል፣ ልትጥል የምትመጣውንም ያባርራል።

ከሌሎቹ አየር ተሸካሚዎች ጥቂቶቹን በፍጥነት ላስተዋውቃችሁ። አዳኙ የውሃ ጢንዚዛ አየሩን ከጠንካራ ክንፉ ሥር ይይዛል፤ ሲቀዳም መቀመጫውን ነው ወደ ላይ የሚያወጣው፤ የኋላ እግሮቹንም በአንድ ላይ ይመታል። እሱን የሚመስል፣ ግን ሲያድግ ዕፅዋትና ብስባሽ የሚበላ ሌላ ጢንዚዛ አለ፤ እሱ ደግሞ አየር የሚቀዳው በራሱ በኩል ነው፣ እግሮቹንም እያፈራረቀ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ይህችን ልዩነት ልጆች በአንድ ጊዜ ይይዟታል፤ አዋቂዎች ትንሽ እንቆያለን።

የውሃ እናትን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በውሃው ገጽ ላይ በቡድን ሆና እየተሽከረከረች የምትዞረው ጥቁር አንጸባራቂ ጢንዚዛ ናት። ዓይኗ ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው፤ ግማሹ ከውሃው በላይ፣ ግማሹ ከውሃው በታች ያያል። በመካከላችን ያሉ እናቶች ፈገግ ማለት ጀምረዋል፤ በልጅነታቸው ጡት እንዲያጎጠጉጥ ብለው ማስነከሳቸውን አስታውሰው ይሆናል። ነገሩ የእኛ ሰፈር ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በ2005 በወጣ አንድ ጥናት ልማዱ በምሥራቅ አፍሪካ በሌሎች ቦታዎችም እንዳለ ተጽፏል። ጢንዚዛዋ ስትያዝ ከሰውነቷ የምታወጣው የመከላከያ ፈሳሽ ቆዳን ይቆጠቁጣል። ጡት የሚያሳድገው ግን ዕድሜ ነው።

ከኋላው ረጅም ቀጭን ጭራ የሚታይበት ቡናማ ነፍሳ ካያችሁ ደግሞ ጊንጥ ነው ብላችሁ አትሽሹ። ጭራው መናደፊያ የለበትም፤ አየር የሚስብበት ቱቦ ነው። ከሱ ጋር ዝምድና ያለው፣ ጀርባው ሙሉ በእንቁላል ተሸፍኖ የሚዋኝ ጠፍጣፋ ነፍሳም ታገኛላችሁ። እናት ይመስላችኋል፤ አባት ነው። ሴቷ እንቁላሏን ጀርባው ላይ ለጥፋ ትሄዳለች፤ እሱ እስኪፈለፈሉ ድረስ ወደ ላይ እያወጣ አየር ያስነካቸዋል። ይኸኛው በእጅ ከተያዘ ክፉኛ ይወጋል።

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ ወደ ላይ መውጣት ግድ የሆነባቸው ናቸው። ከሥር ሆነው ከውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚጠቀሙም አሉ። የውሃ ተርብ ልጅ ከነዚህ አንዷ ናት። ስንጥቧ ያለው ከሆዷ ጫፍ ውስጥ ነው፤ በዚያው ውሃ ታስገባለች፣ በዚያው ታስወጣለች፤ ስትደነግጥም ውሃውን በኃይል ወደ ኋላ ተፍታ ወደ ፊት ትወነጨፋለች። ከአገጯ ሥር የታጠፈ ረጅም መያዣ አላት፤ የትንኝ እጭ ሲቀርባት በቅጽበት ወርውራ ትይዘዋለች። ከነዚህ መካከል ወርቅማዋ ተጓዥ ተርብ ጊዜያዊ በሆነ የዝናብ ውሃ፣ አልፎም ሥራ በፈታ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ትራባለች፤ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ አድጋ ትወጣለች። ቻርልስ አንደርሰን የተባለ የባሕር ሕይወት ተመራማሪ በ2009 ባቀረበው ማስረጃ መሠረት፣ የዚህች ዝርያ መንጋ ከሕንድ ተነስቶ በማልዲቭስ ደሴቶች በኩል የሕንድ ውቅያኖስን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያቋርጣል። አራት ሳንቲ ሜትር ተኩል ለምታህል ፍጥረት ይህ ቀላል ጉዞ አይደለም።

ቤት ውስጥ ትልቅ ድንጋጤ የሚፈጥረው ግን ቀዩ ትል ነው። የሮቶውን ክዳን ከፍታችሁ ወይም ከቧንቧ በባልዲ ቀድታችሁ፣ ደም የመሰለ ቀጭን ትል እየተጥመለመለ ሲዋኝ ታያላችሁ። ወዲያው «የሆድ ትል ነው»፣ «አልቅት ነው» ይባላል። አንዱንም አይደለም። አልቅት ጠፍጣፋ ነው፣ በሁለት ጫፎቹ እየተጣበቀ ይሄዳል። ይህኛው ትንኝ የምትመስል ግን የማትናከስ ትንሽ ዝንብ እጭ ነው፤ ሰውነቱ በግልጽ የተከፋፈለ፣ ትንሽ ጠንካራ ራስ ያለው ነው። የቀላው እንደ እኛ በደሙ ውስጥ ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፤ በዚያ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ባነሰበት ዝቃጭ ውስጥ መኖር ይችላል። ሰው ቢጠጣው ሆድ ውስጥ አይራባም። ሆኖም መገኘቱ አንድ ነገር ይናገራል፦ ከማጠራቀሚያው ሥር ዝቃጭ ተከማችቷል፣ ክዳኑ ወይም መተንፈሻው ክፍት ነው። ሮቶውን ማጠብ፣ ክፍተቱን በወንፊት መሸፈን ነው። እናቲቱን ለማወቅ ደግሞ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ተመልከቷት፤ የፊት እግሮቿን ታነሳለች። የወባ ትንኝ የምታነሳው የኋላዎቹን ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናዋ ደረስን።

የትንኝ እጭ እግር የላትም። ደረቷ ከቀረው ሰውነቷ ወፍራም ነው፤ ስትነካ እየተጥመዘመዘች ትሰምጣለች፣ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ወደ ላይ መውጣቷ አይቀርም፤ አየር ያስፈልጋታልና። ውሃው ረግቶ ወደ ላይ ስትመጣ አቀማመጧን አስተውሉ። ራሷን ወደ ታች አድርጋ፣ ከጅራቷ ባለው ቱቦ ከውሃው ገጽ ላይ ተንጠልጥላ ከቆመች ወባ አምጪ አይደለችም፤ ተራ ቢንቢ ወይም የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ዓይነት ልትሆን ትችላለች። ቱቦ ሳይኖራት ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆና ጠፍጥፋ ከተኛች ግን የወባ ትንኝ ወገን ናት። ይህን ለመለየት ላቦራቶሪ አያሻም፤ ዓይንና ትዕግሥት ይበቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ሙሽሬው ነው፤ የጎበጠ፣ ራሱ ትልቅ፣ ከራሱ ላይ በሁለት አጫጭር ቱቦዎች የሚተነፍስ። ሙሽሬ አይበላም፤ ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ እንደ ሙቀቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጃል።

ለምን ይህን ያህል አጥብቄ እናገራለሁ? የአገራችን ነባሯ የወባ ትንኝ ዝናብ ያቆረውን፣ ፀሐይ የሚመታውን፣ የከብት ኮቴ የረገጠውን ውሃ ነው የምትመርጠው። ስለዚህ ከተሜው ወባ የገጠር፣ ያውም የክረምት ማግስት በሽታ ነው ብሎ ኖሯል። ከደቡብ እስያና ከዓረቢያ ልሳነ ምድር የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ግን ይህን ልማድ አፍርሳዋለች። እሷ የምትፈልገው በርሜል፣ ሲሚንቶ ገንዳ፣ የግንባታ ቦታ የውሃ ጉድጓድና ያልተከደነ ታንከር ነው፤ ማለትም ሰው በበጋ ጭንቅ ያጠራቀመውን ውሃ። በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘችው በ2012 በጅቡቲ ነው። በዚያ ዓመት ጅቡቲ ያስመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73 ሺህ በለጠ። በእኛ አገር በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ታየች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ፣ ያውም በደረቁ ወራት፣ የወባ ሕመምተኛው ቁጥር ከ2019 ተመሳሳይ ወራት ከአስር እጥፍ በላይ ሆነ፤ ምርመራውም ወደዚህችው ትንኝ አመለከተ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ብዙ ሰው የሚያውቀው የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስን ነው። ዘይቱ የሚገድለው የውሃውን ገጽ ሸፍኖ አየር በመከልከል ነው። እጯን ያፍናል፤ ነገር ግን ጀርባ ዋኙንም፣ ጢንዚዛውንም አብሮ ያፍናል። ሁሉን ጨራሽ መርዝም እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ የሚመለስ ይመስላችኋል? ትንኟ በሁለት ሳምንት ትውልድ የምትተካ ናት፤ አዳኞቹ ወራት ይፈልጋሉ። ጠባቂ የሌለውን ውሃ ለትንኟ አስረከብናት ማለት ነው። ከዘይቱ የሚሻል አለ። በ1976 በእስራኤል በነጌቭ በረሃ ከአንድ ኩሬ የተገኘች ባክቴሪያ አለች፤ በአጭሩ ቢቲአይ ትባላለች። እጯ ስትበላት አንጀቷን ታበላሻለች፤ የውሃ ጢንዚዛንና ጀርባ ዋኝን ግን አትነካም። ሙሽሬውን ግን አትገድልም፤ አይበላም ብያችሁ አልነበር? ስለዚህ ውሃው በሙሽሬ ከተሞላ በኋላ ቢቲአይ መጨመር ጊዜው ያለፈበት ሥራ ነው። ማፍሰስ፣ ማጠብና እንደገና መሙላት ይቀላል።

ኩሬው ግን አይደፋም። ጀርባ ዋኝ፣ የውሃ ተርብ ልጅና ጢንዚዛ የሚታዩበት ኩሬ ሰፈሩን እየጠበቀ ያለ ኩሬ ነው፤ ከዳሩ ቆሻሻ አንሱለት፣ መርዝ አትርጩበት። በርሜሉና ሮቶው ግን ክዳን ይኑራቸው፣ ክዳን ከሌለም ጠንከር ያለ ጨርቅ ይታሰርባቸው፤ ትንኟ እስክታድግ ቢያንስ ሳምንት ስለሚወስድባት በየሳምንቱ ተጠርገው ይታጠቡ። የሕንፃ ባለቤቶችና ተቋራጮች፣ ለሲሚንቶ ማራሻ ያቆራችሁት ውሃ የእናንተው ኃላፊነት ነው፤ ሥራው ሲቆም ይደፋ። ከውሃችሁ ውስጥ ጠፍጥፋ የተኛች እጭ ካገኛችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትድፏት፤ ጥቂቷን ከነውሃዋ በብልቃጥ ይዛችሁ የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አሳዩ፣ ያገኛችሁበትንም ቦታ ንገሩ።